ክረምቱን የሚችል የጡብ ምድጃ፦ የውጭ ልስንና ቅብ ዝርዝር መመሪያ

ግቢ ውስጥ በጡብ የተሠራ የዳቦ ምድጃ እሳቱን በደንብ ይችላል፤ የሚጎዳው ዝናቡ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ውሃ፣ በተለይ የሐምሌና የነሐሴው፣ ልስኑንም ጡቡንም ያረሰርሳል። ከዚያ ቡሄ ይደርስና ለሙልሙሉ እሳት ይነዳል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። ጡቡ ውስጥ የተቀመጠው ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ወደ እንፋሎት ሲለወጥም ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። መውጫ ካጣ ልስኑን ገፍቶ ይሰነጥቀዋል፤ ሲብስም ቁርጥራጭ እያደረገ ያስለቅቀዋል።

ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሮጠው ወደ ሬንጅ ወይም ወደ ዘይት ቀለም ነው። ውሃ እንዳይገባ መድፈን ትክክል ይመስላል፣ ግን ጉዳቱን ያፋጥነዋል። ምድጃ ዙሪያውን ቢደፈንም ውሃ ከመሬት፣ ከጭስ ማውጫው ሥር፣ ከአፉ በኩል መግባቱን አይተውም፤ የገባው ግን መውጫ ያጣል። ጥሩ የውጭ ልስን ውሃ አያስገባም፣ እንፋሎትም አያስቀርም። ይህን ደግሞ አንድ ቀለም ብቻውን አይሠራውም። ጣሪያው፣ ልስኑ፣ ቅቡና መደቡ ሥራውን ሲከፋፈሉት ነው የሚሳካው።

መቼ ይሠራ?

ኖራና ሲሚንቶ ያለበት ልስን ዝናብ የማይነካው ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። መስቀል ካለፈ በኋላ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ከሁሉም ይመረጣል። የኅዳርና የታኅሣሥ ቀን ፀሐዩ ይበረታል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ስለዚህ ጠዋት ይለሰንና ቀኑን ጥላ ይደረግለታል። ግንቦት ላይ መጀመርም ይቻላል፣ ግን የበልጉ ዝናብ እየተመላለሰ ሊያስቸግር ስለሚችል ከላዩ ሸራ ተወጥሮ ይሁን። ሰኔ ከገባ ልስኑን ይተዉትና ጣሪያውን ብቻ ይሥሩ። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ቢባልም ዝናቡ መስከረም ውስጥ ገባ ብሎ ነው የሚያቆመው፤ በአባባሉ ተማምነው በነሐሴ መጨረሻ ልስን አያስጀምሩ።

ውሃው በየት ነው የሚገባው?

ብር ከማውጣትዎ በፊት ይህን ይወቁ። ከባድ ዝናብ ሲያባራ ምድጃውን ዞር ብለው ይዩት። ከላይ ወደ ታች የወረደ የእርጥበት መስመር ካለ ችግሩ የጉልላቱ ስንጥቅ ወይም የጭስ ማውጫው መጋጠሚያ ነው። ከታች ወደ ላይ የወጣ ጥቁር ቀበቶ ካዩ ውሃው የሚመጣው ከመሬት ነው። ግድግዳው ላይ እስከ ጉልበት ድረስ ጭቃ ከተረጨበት ደግሞ ዝናቡ መሬት ነጥሮ ነው የሚያርሰው። ነጭ፣ ጨው የሚመስል ዱቄት የወጣበት ቦታ ውሃ ደጋግሞ የሚመላለስበት ነው።

መሀል ከተማ ሌላ ጣጣ አለ። በቆዩ ግቢዎች ቤቶቹ ተጠጋግተው ስለተሠሩ የአንዱ ቆርቆሮ ፍሳሽ ሌላው ግቢ ላይ ያርፋል። ምድጃው ከአጥር ጥግ የተሠራ ከሆነ በቀጥታ ከሰማይ ከሚወርድበት ይልቅ ከጎረቤት ጣሪያ የሚወርድበት ሊበዛ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ምንም ዓይነት ልስን አያድነውም። ጎረቤትን ማነጋገርና አሸንዳ ማሰር ከሁሉም ይቀድማል፤ ወጪውን ራስዎ ቢሸፍኑትም ከምድጃው ጥገና ይረክሳል።

ልስኑን በማንኪያ እጀታ ቆርቆር ያድርጉት። የያዘው ቦታ ጥኑ፣ አጭር ድምፅ ይሰጣል። የለቀቀው ባዶ ድምፅ ያሰማል፤ እዚያ ላይ በጠመኔ ያስምሩበት። ምድጃው ምን ያህል ውሃ እንደያዘ ለማወቅ ደግሞ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ጉልላቱ ላይ ዘርግተው ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉና ያሳድሩት። ጠዋት የላስቲኩ የውስጥ ገጽ ጠብታ ከቋጠረ ምድጃው ገና እርጥብ ነው፣ ምንም ነገር አይቀባም።

መጀመሪያ ጣሪያ

ገንዘብዎ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ጣሪያ ላይ ያውሉት። እስካሁን ያየኋቸው ብዙ ዓመት ያገለገሉ ምድጃዎች ሁሉ ከላያቸው ቆርቆሮ አለ። ልስኑ የቱንም ያህል ቢያምር፣ በክረምት በረዶ ሲወርድበትና በበጋ ፀሐይ ሲያነደው ብቻውን አይዘልቅም።

አራት ቋሚ ይበቃል። ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ቋሚ) ከእንጨት ይሻላል፤ እንጨት ካደረጉ ግን ከጭስ ማውጫው ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ቆርቆሮው በየአቅጣጫው ከምድጃው 50 ወይም 60 ሴንቲ ሜትር ይለፍ፣ ውሃው የሚወርደውም ወደ ምድጃው ጀርባ ሳይሆን ወደ ውጭ ይሁን። ጎኖቹን አይዝጉ፤ ነፋስ እንዲያደርቀው ክፍት መሆን አለባቸው። ዝናብ እየገፋ የሚገባበት አንድ ጎን ካለ እዚያ ብቻ ቆርቆሮ ወይም ሸራ ይውረድበት።

የጭስ ማውጫው ጣሪያውን በስቶ ከወጣ በኋላ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ይቀጥል፤ ጫፉ ላይም ባርኔጣ ይደረግለት። ቱቦው ቆርቆሮውን በሚበሳበት ቦታ ደግሞ ከላሜራ የታጠፈ ጃንጥላ መሳይ ክፈፍ ያስፈልጋል፦ የላይኛው ጠርዝ ቱቦውን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ ታችኛው በቆርቆሮው ላይ ይዘረጋል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉ ቀጥቃጮች የቱቦውን ዙሪያ ልክ ከሰጧቸው ባርኔጣውንም ክፈፉንም ይሠሩልዎታል። ልኩን ሲወስዱ ቱቦውን በገመድ ይለኩና ገመዱን ይዘው ይሂዱ። የክፈፉ የላይ ጠርዝ ሙቀት በሚችል ሲሊኮን ይታተማል። ተራው የመስኮት ሲሊኮን እዚያ ቦታ ይቃጠላል።

ማድረቅ

ጣሪያው ከቆመ በኋላ ምድጃው ይደርቅ። ችኮላ እዚህ ላይ ነው ብዙ ምድጃ የሚያበላሸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንጨት ሳያነዱ፣ በከሰል ማንደጃ ላይ ከሰል አቀጣጥለው ምድጃው ውስጥ ያስገቡና አፉን ገርበብ አድርገው ለብዙ ሰዓት ይተዉት። የከሰል ጭስ ሳይታይ ይገድላልና ይህ የሚሠራው ደጅ ላለ ምድጃ ብቻ ነው፤ ጣሪያው ሥርም ልጅ አይቀመጥ። በሦስተኛው ቀን ትንሽ የእንጨት እሳት፣ ከዚያ በየቀኑ እየጨመሩ ይሂዱ፦ 150 ዲግሪ፣ 200፣ 250። በእያንዳንዱ ቀን እሳቱ ሳይንቦገቦግ ለአምስት ስድስት ሰዓት ተረጋግቶ ይቆይ።

በማድረቁ ጊዜ ላዩ ላይ ጥቁር የእርጥበት ጥላ ብቅ ሊል፣ ከስንጥቅ ውስጥም እንፋሎት ሊወጣ ይችላል። መልካም ምልክት ነው፤ ውሃው መውጫ አግኝቷል። የላስቲኩን ፈተና ይድገሙት። ጠዋት ላስቲኩ ደረቅ ሲሆን ወደ ልስን ይሻገራሉ።

ከልስኑ በታች ያለው ሽፋን

ምድጃውን ሁለት ሰዓት አንድደው መዳፍዎን ጉልላቱ ላይ ያሳርፉ። ሞቅ ካለው ብቻ ጥሩ ነው። እጅዎን አሳርፈው ማቆየት ካልቻሉ ግን ከጡቡና ከልስኑ መካከል ሙቀት የሚያግድ በቂ ሽፋን የለም ማለት ነው። ይህ ሳይስተካከል የሚደረግ ልስን፣ ጡቡ በሞቀ ቁጥር እየሰፋ ስለሚገፋው መሰንጠቁ አይቀርም።

ለእኛ የሚቀርበው መፍትሔ ፑሚስ ነው። ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣ፣ ብሎኬት አምራቾች የሚጠቀሙበት፣ ቀዳዳው ብዙና ክብደቱ ቀላል የሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ያለው አየር ሙቀቱን ያግዳል። አንድ እጅ ሲሚንቶ ለስምንት እጅ ፑሚስ፣ በትንሽ ውሃ። በእጅዎ ሲጨብጡት ቅርጹን ይዞ የሚቀር፣ ግን በጣቶችዎ መካከል ውሃ የማይወርድ ይሁን። ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አድርገው ጉልላቱን ያልብሱት። ቀይ አሽ የሚባለው የእሳተ ገሞራ ጠጠርም ይሠራል፣ ግን ከፑሚስ ስለሚከብድ ሙቀት የማገድ አቅሙ ያንሳል። ይህ ሽፋን ብዙ ውሃ ስለሚይዝ ከተደረገ በኋላ ከሳምንት በላይ ይጠበቅና የከሰል ማድረቁ ይደገማል።

አንድ ትንሽ ነገር እዚህ ላይ እንዳይረሱ እለምናለሁ፦ የጉልላቱ አናት ላይ ግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ፑሚሱ ውስጥ ይተከል፣ ከልስኑ በላይ ወጥቶ ጫፉ ወደ ታች ይታጠፍ። ከተደበቀው እርጥበት የሚመጣው እንፋሎት ልስኑን ሳይገፋ በዚያ ይወጣል። ወጪው የቁራጭ ቧንቧ ነው፣ የሚያድነው ሙሉ ልስን ነው።

ልስኑ

ግንበኛ ከጠሩ ምናልባት የሚልዎት ይህን ነው፦ «ጋሼ፣ ሲሚንቶውን ካላበዛነው ዝናቡን አይችለውም።» ለውሃ ገንዳ ልክ ነው። ለምድጃ ግን ሲሚንቶ የበዛበት ልስን ደረቅና ግትር ይሆናል፤ ሙቀት ሲያሰፋው አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም ውሃ ይገባል። ኖራ የገባበት ልስን ትንሽ ይታጠፋል፣ እንፋሎትም ያስተላልፋል። ግንበኛውን በትሕትና ግን ጠበቅ አድርገው ይንገሩት፤ የሚቦካውንም ቆመው ይዩ።

ሲሚንቶው ፒፒሲ የሚባለው (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ዓይነት ይሁን፤ ለልስን ይስማማል። አሸዋው አፈር እንዳይበዛበት ይፈተሽ፦ ጠርሙስ ውስጥ ግማሽ አሸዋ ሞልተው ውሃ ጨምረው ይናጡትና ያስተኙት። ከአሸዋው በላይ የሚረጋው ደቃቅ ጭቃ ከአሸዋው ቁመት 6 በመቶ ገደማ ካለፈ አሸዋው ይታጠብ፤ ጭቃ የበዛበት አሸዋ ሲደርቅ ይሸበሸባል። የኖራው ዱቄት ከመቀላቀሉ በፊት ባለው ምሽት በውሃ ተነክሮ ይደር። ኖራ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ ጓንትና መነጽር ሳያደርጉ አይንኩት፣ ዓይን ከገባ በብዙ ውሃ እየታጠቡ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ጉልላቱን በዶሮ ሽቦ አልብሰው በቀጭን ሽቦ ያስሩት፤ ሽቦው ከገጹ ትንሽ ተነሥቶ ልስኑ መሀል እንዲቀመጥ በትናንሽ ጠጠር ይደገፍ። ከዚያ የመጀመሪያው እጅ ልስን፦ አንድ ሲሚንቶ፣ አንድ ኖራ፣ ስድስት አሸዋ። በዚህ ውስጥ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር የተቆራረጠ ቃጫ በእፍኝ ይበተን፤ ስንጥቅ እንዳይሰፋ የሚይዘው እሱ ነው። ቦታው በውሃ ተረጭቶ ይርጠብና 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይለሰን። ገና ሳይደርቅ በምስማር ገጹን አቋርጠው ይጫጭሩት፣ ሁለተኛው እጅ እንዲይዝበት። ሁለተኛው ከቀናት በኋላ ነው፤ ከመጀመሪያው የላላ መሆን አለበት፦ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት ኖራ፣ ዘጠኝ አሸዋ። ከውስጥ ወደ ውጭ እየላላ መሄዱ ደንብ ነው፤ ጠንካራው በላላው ላይ ከተደረገ የታችኛውን ይዞ ይነሣል።

መጠኑን ለማወቅ ያህል፣ ውጫዊ ወርዱ 1.4 ሜትር የሆነ ግማሽ ክብ ጉልላት 3 ካሬ ሜትር ገደማ ገጽ አለው። ለሁለቱ እጅ ልስን 15 ኪሎ ሲሚንቶ፣ 10 ኪሎ ኖራና አንድ ኩንታል አሸዋ ይበቃል። አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ከተገዛ ከግማሽ በላዩ ይተርፋል፤ ግንበኛው ለልስኑ ብቻ ሁለት ካስገዛዎት ይጠይቁት።

ልስኑ ካለቀ በኋላ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈንና ለሰባት ቀን በጠዋትና በማታ ውሃ ይረጭበት። በዚያ ሳምንት እሳት ፈጽሞ አይነካውም። ከዚያ ጆንያው ተነሥቶ በጥላ ይድረቅ። የመጀመሪያው እሳት ልስኑ አንድ ወር ሲሞላው ይሁን፣ እሱም በከሰል ይጀመር።

መጋጠሚያዎቹ

የምድጃው አፍና የጭስ ማውጫው ሥር በጣም ይሞቃሉ፤ ልስኑ ግን እንደነሱ አይሞቅም። አንድ ላይ ከተጣበቁ ስንጥቁ የሚጀምረው እዚያ ነው። ልስኑ ከአፉ ጡብና ከቱቦው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ክፍተቱ በሮክ ውል (ከድንጋይ የተሠራ፣ ጥጥ የሚመስል ሙቀት ማገጃ) ወይም እሳት በሚችል ገመድ ይጠቅጠቅ፣ ከላይ ደግሞ ሙቀት የሚችለው ሲሊኮን በቀጭኑ ይሰመርበት። ሲለሰን ክፍተቱን ለማስቀረት በካርቶን ቁራጭ መያዝ ይቻላል፤ ከደረቀ በኋላ ይነቀላል።

ነባሩ ልስን ላይ ያለ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ አያሳስብም፣ ሲሞቅ ይከፈታል ሲቀዘቅዝ ይዘጋል፤ ቅቡ ይሸፍነዋል። የጣት ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ግን በመሮ ተከፍቶ፣ አቧራው ወጥቶ፣ ረጥቦ በሁለተኛው እጅ ቅይጥ ይሞላ።

ቅቡ

ኖራ ቅብ እመርጣለሁ። ርካሽ ነው፣ እንፋሎት ያስተላልፋል፣ ሲያረጅም ከላዩ ይደገማል። በውሃ እንደ ወተት እስኪቀጥን ይበጠበጥ፤ ወፍራም ከሆነ ሲደርቅ ይበናል። ግድግዳው ረጥቦ አራት አምስት እጅ ይቀባ፣ በየመካከሉ አንድ ቀን እየተጠበቀ። ሲቀባ ውሃ መስሎ ስለሚታይ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ በማግሥቱ ደርቆ ነጭ ይወጣል።

ከዚያ በላይ መከላከያ ለሚፈልግ ሲሎክሴን የሚባለው ውሃ ገፊ ፈሳሽ አለ። ገጹን አይደፍንም፤ የልስኑ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ውሃውን ይመልሳል፣ እንፋሎቱን ይለቃል። አንድ ጊዜ ከተቀባ ግን ኖራ ከላዩ አይይዝምና ኖራው አልቆ ከደረቀ በኋላ ይሁን።

ዘይት ቀለም፣ ሬንጅ፣ ውሃ ማይገባበት የሚባል ጎማ መሳይ ቅብ፣ እነዚህ ጉልላት ላይ አይደረጉም። ኳርትዝ የሚባለው ሸካራ ቀለምም ለቤት ግድግዳ ያምራል፣ ምድጃ ላይ ግን በተለይ አናት ላይ መተንፈሻ ቧንቧ ከሌለ ይነፋል።

መደቡና መሬቱ

ሬንጅ ቦታ ያለው እዚህ ነው። መደቡ ገና የሚሠራ ከሆነ ከመሬቱና ከድንጋዩ መካከል ሬንጅ የተቀባ ንጣፍ ወይም ወፍራም ላስቲክ ይግባ፤ ከታች የሚሳበውን ውሃ ያቆመዋል። የመደቡ የላይ ጠርዝ ከምድጃው ወጣ ብሎ ወደ ውጭ ያዘንብል፣ ከሥሩም 1 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ቦይ ይቀደድለት፤ ውሃው ወደ ግድግዳው ሳይመለስ እዚያ ይንጠባጠባል። ዙሪያውን 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ይነጠፍ፣ ዝናብ ነጥሮ ጭቃ እንዳይረጭ። ግቢው ዋልካ አፈር ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መደቡ ሲንቀሳቀስ የሚወጣው ሰያፍ ስንጥቅ ደግሞ በልስን አይድንም፣ ውሃውን ከመሠረቱ በቦይ ማራቅ ነው ያለው።

ከዚያ በኋላ

በየዓመቱ ግንቦት ላይ ልስኑ በማንኪያ ይቆርቆር፣ አሸንዳው ይጠረግ፣ የባርኔጣው ዝገት ይታይ። ሲሎክሴን ካልተቀባ ኖራው በየሁለት ዓመቱ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ይደገም። ለክረምቱ ከሸፈኑት ሸራ ይሁን፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ የተወጠረ፤ ላስቲክ ጠምጥሞ መተው እርጥበቱን ውስጥ ያስቀራል። ምድጃው ለሳምንታት ሳይነድድ ከርሞ ከሆነ፣ ለቡሄም ሆነ ለእንቁጣጣሽ ድፎ፣ በዋዜማው ከሰል አቀጣጥለው ለአምስት ስድስት ሰዓት ያሙቁት። እንጨቱ የሚገባው በማግሥቱ ነው።